ባለሉካንዳው ያነበበው ራጅ

እዚህ ሆስፒታል ውስጥ እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም የሚያውቅ ከሦስት ሰው አይበልጥም። ለቀረው ሁሉ «እትዬ ራጅ» ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደረት ሳነሳ ስለኖርኩ ስሙ ይገባኛል፤ አልቀየምም። ደረት ደግሞ እንደ ፊት ነው፤ ብዙው ይረሳል፣ አንዳንዱ አይረሳም። የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደረት አለ፣ እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ። የእሷንና የአባቷን ነገር ልንገራችሁ።

የመጡት ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫጫታ ሰምቼ በሩን ገርበብ ባደርግ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ አንድ ግዙፍ ሰው በሕመምተኞች ተከቦ ቆሟል። አንዲት አሮጊት የመድኃኒት ወረቀታቸውን አፍንጫው ሥር ደቅነው፣ «ዶክተር፣ ይሄኛው ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ይሉታል። ሰውየውን ላብ አጥልቆታል።

«እማማ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። ባለሉካንዳ ነኝ። ልጄ ታማብኝ ከሥጋ ቤት ሮጬ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ የጋውኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የደም ጠብታ አዩና፣ «እንዲያ በል፤ ቀዶ ጠጋኝ ነሃ!» አሉት።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተራውን ጠራሁ። ከጉልበቱ ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቅ አለችና በአንድ እግሯ እየዘለለች ወደ ክፍሌ ገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዝላይ፤ ከዚያ ሳል። ደረቅ ሳል ነው፤ ትንሽ ሰውነቷን ከወገቧ እጥፍ አደረጋት።

«ፌንጣዬ፣ ቀስ በይ እንጂ» አላት አባቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሳሉ ከጀመራት አምስተኛ ወሯ ነው። ሽሮፕ በሽሮፕ ላይ ጠጥታለች። ጤና ጣቢያ «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ብለው መድኃኒት ካስጀመሯት ሁለት ወር ሞላት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። እናቷ አራስ ስለሆነች ወዲያ ወዲህ የሚለው እሱ ብቻውን ነው።

«ያማል?» አለችኝ ልጅቷ፣ ማሽኑን ቀና ብላ እያየች።

«ፎቶ ያማል እንዴ?»

«ጥርሴን ላሳይ?»

«ይሄኛው ጥርስ አይፈልግም። የሚያነሳው ጎድንሽን ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ጎድኔ እንዴት አድርጎ ይስቃል?»

አገጯን ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ አስደግፌ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ፣ ትንፋሿን እንድትይዝ ነገርኳት። ጉንጮቿን እንደ ፊኛ ነፍታ ቆመች። ፊት ለፊት አንድ፣ በጎን አንድ አነሳሁ። ፊልሙ ከማጠቢያው ሲወጣ መብራቱ ላይ ሰካሁት።

የራጅ ባለሙያ ከማሽኑ በፊት መግራት ያለበት የራሱን ፊት ነው። ሕመምተኛ ፊትህን ያነባል። እኔ ያን ቀን ፊቴን ለመግራት ተቸግሬአለሁ። ከቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል ላይ ብርቱካን የሚያክል ነጭ ክብ ተቀምጧል። ጠርዙ በኮምፓስ የተሠመረ ይመስላል። ቲቢ እንዲህ አይሥልም። የቲቢ ሥራ ዝርክርክ ነው፤ እዚህ ደመና፣ እዚያ ጭረት። ይሄ ግን እንደ ሙሉ ጨረቃ ጥርት ብሎ የተቀመጠ ነገር ነው።

«እንዴት ነው፣ ሳቀ?» አለችኝ ፌንጣ።

«ከጥግ እስከ ጥግ» አልኳት።

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው። የዚያን ሳምንት የልጆችን ክፍል ብቻውን ነበር የያዘው፤ አርባ አልጋ፣ አንድ ዶክተር። ከጠዋት ጀምሮ እህል አፉ አልገባም። ፊልሙን መብራቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን አሸ።

«መግል የቋጠረ ይመስላል። ካልሆነም እጢ ነው። ከሰዓት በኋላ በመርፌ ትንሽ ቀድተን እናየዋለን።»

«ዶክተር፣ ጠርዙ አልበዛም ጥራቱ?» አልኩት።

«በዝቷል። መርፌው ለዚሁ እኮ ነው፣ እትዬ።»

ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ማንሳት እንጂ ማንበብ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ይሄን የምነግራችሁ የሚያኮራ ሆኖ አይደለም።

ዶክተሩ አባትየውን አስጠራው። ቅን ልጅ ነው፤ ምንም ቢቸኩል ለወላጅ ሳያስረዳ መርፌ አያነሳም። ባለሉካንዳው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ ፊልሙ ፊት ቆመ። ፌንጣ ጥጉ ላይ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ይሄ ልቧ ነው። ጉበቷ በዚህ በኩል ነው። የሚያሳስበን ይሄ ነጩ ክብ ነው» አለው ዶክተሩ።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ አየ። ፊት ለፊት የተነሳውን አየ፣ በጎን የተነሳውን አየ፤ ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ። ዶክተሩ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ።

«ዶክተር፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ውስጡ ውሃ ነው?»

«ፈሳሽ ነው። መግል ሳይሆን አይቀርም።»

«መግል አይደለም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ይሄን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እጄ ላይ ይመጣል።»

«የት?»

«በበግ ሳንባ ውስጥ። ልክ እንዲህ ክብ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ። ቢላ ሲነካው ይፈነዳና እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነገር ይረጫል። አንድ ቀን ዓይኔን ሞልቶኛል። ከውስጡ ደግሞ እንደ እንቁላል ስስ ሽፋን ያለ ነገር ይወጣል።» ጣቱን ወደ ፊልሙ ዘረጋ፤ ግን አልነካውም። «ዶክተር፣ ይሄ የልጄ ደረት ነው ወይስ የበግ ተቀያይሮባችሁ ነው?»

የዶክተሩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ፣ «ቤታችሁ ውሻ አለ?» ሲል ጠየቀ።

መልሱ የመጣው ከጥጉ ነው። «አመዶ!» አለች ፌንጣ፣ ፊቷ በርቶ። «ከእኔ ጋር እኩያ ነው። አንድ ላይ ነው ያደግነው። ጠዋት ጠዋት ፊቴን የሚያጥበኝ እሱ ነው፣ በምላሱ!»

ዶክተሩ ስልኩን አወጣና ላስተማሩት ፕሮፌሰር ደወለ። ነገሩን አስረድቶ ሳይጨርስ የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማ።

«መርፌ አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

«እንዳትነካው! ያ ውሃ ደረቷ ውስጥ ከፈሰሰ ሰውነቷ በአፍታ ይቆጣና ትንፋሿን ይዘጋዋል። በአልትራሳውንድ እዩት፤ ከዚያ ለደረት ቀዶ ሐኪሙ አቆዩት። ማነው የጠረጠረው?»

ዶክተሩ ባለሉካንዳውን አየው። «አባቷ ናቸው፣ ፕሮፌሰር።»

ስልኩን ዘጋው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ይህችን ልጅ ያተረፏት እርስዎ ነዎት» አለው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባትየው ግን ጠየቀ። «የበግ በሽታ እንዴት ልጄ ውስጥ ገባ?» ዶክተሩም ፈተና ላይ እንዳለ ጎበዝ ተማሪ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል አስረዳው። ያንን የውሃ ከረጢት የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትል ያፈራል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ይወጣና አፈሩ ላይም፣ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። እንቁላሉ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሳንባው ላይ ያርፍና ዓመት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያብጣል።

ዶክተሩ ፊልሙን ነበር የሚያየው። እኔ የማየው አባትየውን ነው። ፊቱ ላይ ጥላ ሲወድቅ አየሁ።

በኋላ የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጋውኑን አውልቆ ጭኑ ላይ ጠቅልሎታል። አልትራሳውንዱ ነገሩን አረጋግጦ፣ ፌንጣ ተኝታ እንድትታከም አልጋ ተሰጥቷታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የጣልኩለት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሰው የማይገዛውን፣ ያ ውሃ ያለበትን ሳንባ ለይቼ ለአመዶ ነበር የምጥልለት። ‘እንካ፣ ያንተ ድርሻ’ እያልኩ። እሱ ከአየር ላይ ሲቀልበው እሷ ታጨበጭብ ነበር።»

ምን ይባላል? አይዞህ ማለት ቀላል ነው፤ አይዞህ ደግሞ አንዳንዴ ስድብ ይመስላል። የሆነውን ብነግረው ይሻላል ብዬ፣ «እኔም ፊልሙን ሳየው ልቤ ጠርጥሮ ነበር» አልኩት። «አንዴ ጠይቄ ዝም አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት እኔ ዝም ስል፣ አንተ ተናገርክ።»

«መናገሬ ምን ይፈይዳል፣ ካደረግኩት በኋላ?»

«መርፌው ገና መሳቢያው ውስጥ ነው። ይሄን ፈየደ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። አመሻሹ ላይ ገመድ ይዞ ሊያስወግደው አመዶን ወደ ወንዙ ወስዶት እንደነበር ነገረኝ። «ገመዱን አንገቱ ላይ ሳስገባ ጅራቱን ቆላልኝ። ለሽርሽር የምወስደው መሰለው። እድሜዬን ሙሉ ቢላ የያዘ እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ።»

«እጅህ ካንተ ይሻላል» አልኩት። «ውሻው ምን በደለ? የጎረሰው አንተ የሰጠኸውን ነው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው፤ የትል መድኃኒት አለው።»

ወሰደው። ሐኪሙም በየስድስት ሳምንቱ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠው፣ ውሻው ታስሮ እንዲቀመጥ፣ ኩሱ እንዲቀበር፣ ከእንግዲህም ጥሬ ሳንባና ጉበት እንዳያይ አዘዘ። ያቺን ዜና አባቷ ሲነግራት ፌንጣ አልጋዋ ላይ ልትዘል ተነሳችና ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ «ኧረ እንዳትዘዪ!» ብሎ ጮኸባት።

አዎ፣ ፈተናው እሱ ነበር። የደረት ቀዶ ሐኪሙ ወደ እኛ የሚመጡት በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ ቀጣዩ ተራቸው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ያ ከረጢት በመውደቅ ወይም በመጋጨት እንዳይፈነዳ ልጅቷ መዝለል የለባትም። ፌንጣን ዘጠኝ ቀን አትዝለዪ ማለት እንግዲህ ዓሣን አትዋኚ እንደ ማለት ነው። አባቷ ሥጋ ቤቱን ለወንድሙ ትቶ አልጋዋ ሥር ከተተ። መጸዳጃ ቤት ተሸክሟት ይሄዳል፣ መስኮቱ ጋ ተሸክሟት ይቆማል። ያ ሁሉ ግዝፈቱ እሷን ሲያነሳ እንቁላል እንደያዘ ሰው ይሆናል።

«አባዬ፣ ብስቅስ?»

«ሳቂ፣ ግን በትንሹ።»

«በትንሹ እንዴት ይሳቃል?»

አፉን ገጥሞ በትከሻው ብቻ እየሳቀ አሳያት። ያ ቁምሣጥን የሚያክል ትከሻ ከፍ ዝቅ ሲል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አታስቀኝ፣ ይፈነዳል!» ትለዋለች። ነርሷ መጥታ ሁሉንም ተቆጣች፤ ስትወጣ ግን የራሷም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ የክፍሌ በር ተበረገደ። ባለሉካንዳው ልጁን ታቅፎ ገባ። ዶክተሩ ከኋላው ይሮጣል። ፌንጣ እያሳለች ነው፤ ሳል ብቻ አይደለም፣ ዓይኗ እንባ አዝሏል፣ ፊቷ ቀልቷል። ያ ከረጢት ከፈነዳ ጨው ጨው የሚል ውሃ ወደ አፍ ይመጣል ተብለናል።

«ምን ይላል አፍሽ? ጨው ነው?» ይላታል ዶክተሩ ደጋግሞ። ልጅቷ መመለስ አልቻለችም። ሰሌዳው ፊት አባቷ ራሱ ደግፎ አቆመልኝ፤ ጨረር የሚከለክለውን የእርሳስ ሽርጥ አለበስኩትና አነሳሁ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ያቺን አራት ደቂቃ ሦስታችንም ማሽኑ አፍ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ባለሉካንዳው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣውም።

ፊልሙ ወጣ። ክቡ እንደነበረ ነው። አንድ ጠርዝ አልተነካም።

«አለ!» አልኩ። ዕድሜ ልኬን በልጅ ደረት ላይ ክፉ ነገር አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ፌንጣ ትንፋሿ ተመለሰላትና ድምፅዋ ወጣ። «ጨው አይደለም። ሙዝ ሙዝ ይላል።»

«ምኑ ነው ሙዝ ሙዝ የሚለው?»

«ማስቲካው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ያቺ ከጎኔ የተኛችው ልጅ ሰጠችኝ። ልውጠው ስል ትን አለኝ።»

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባቷ ደግሞ መጀመሪያ ሊቆጣት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ግንባሩን ጸጉሯ ውስጥ ቀበረ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እኔ ሥራዬን ጨርሼ አባቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዴ፣ «ሰው ሲቀደድ ሥጋው እንደ በግ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና መልሱን ሳይጠብቅ፣ «አትንገሪኝ» አለ። እስከዚያ ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም፤ አስተውሎትም አይመስለኝም።

ከአራት ሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው ወጡ። በእጃቸው የብረት ሳህን ይዘዋል። «ሳይፈነዳ፣ ሙሉውን ወጥቷል። ልጅዎ ደህና ናት። ሊያዩት ይፈልጋሉ?»

ሳህኑ ላይ እንደ ተላጠ እንቁላል ነጭ የሆነ ኳስ ተቀምጧል። ባለሉካንዳው ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ፖሊስ ጣቢያ ሌባ እንዲለይ እንደ ተጠራ ሰው፣ «እሱ ነው» አለ።

በሚቀጥሉት ቀናት ተንቀሳቃሹን ማሽን እየገፋሁ አልጋዋ ድረስ እሄድ ነበር። የተጨማደደው ሳንባዋ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ የጣት ያህል፣ ቀጥሎ የመዳፍ ያህል። በአምስተኛው ቀን ከደረቷ ላይ ፈሳሽ ማውጫው ቱቦ ተነቀለላት። የዚያን ዕለት ፊልሙን ላነሳ ስገባ አባቷ እጇን ይዞ ተቀምጧል። ልውጣ ብል በዓይኑ ቆዪ አለኝ።

«ፌንጣዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ያ በሽታ የመጣው ለአመዶ ከምጥለው ሳንባ ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ። ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ጣሪያውን እያየች አሰበች።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አመዶስ?»

«እሱም አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «በቃ፣ ለእማዬ አንነግራትም። አራስ ናት፣ ትደነግጣለች» አለችው።

ሰውየው መሳቅም ማልቀስም አቃተው፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረገ። እኔ የማሽኑ ገመድ የተጠላለፈ አስመስዬ ጎንበስ አልኩ። ገመዱ አልተጠላለፈም ነበር።

ለእናትየው ግን ራሱ ነገራት፤ በዚያው ሳምንት፣ ሕፃኑን አቅፋ እንደ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልነገረኝም። በማግሥቱ የታጠበና የተተኮሰ ጋውን ለብሶ ነበር የመጣው።

ፌንጣ የትሉን ኪኒን ለወራት ዋጠች። በሦስተኛው ወር ያነሳሁት ፊልም ላይ ጠባሳ የምትመስል ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች። ባለሉካንዳውም ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ክዳን ሠራለት፤ የተበላሸ ሳንባና ጉበት እዚያ እየጣለ ኖራ ይነሰንስበታል። ከዚያ አንድ ቀን ክፍሌ መጥቶ የመጀመሪያውን ፊልም ለመነኝ። ዶክተሩ ፈቀደና ሰጠሁት። እኔ ለማስታወሻ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሥጋ ልገዛ ጎራ ብል ፊልሙ የሥጋ ቤቱ መስኮት መስታወት ላይ ተለጥፏል። ፀሐይ ከኋላው ስለምትመታው ክቡ ለገባ ሁሉ ይታያል። አንድ ደንበኛ ደግሞ ሥጋውን አስመዝኖ፣ «ለውሻዬ እስቲ ያንን ሳንባ ጣል አድርግልኝ» እያለ ነው።

«አልሰጥም» አለ ባለሉካንዳው።

«ልትጥለው አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀህ?»

ባለሉካንዳው ቢላውን አስቀምጦ ሰውየውን በክንዱ ይዞ መስኮቱ ጋ አቆመውና ጣቱን ክቡ ላይ አሳርፎ አስረዳው፤ ይሄ ጎድን ነው፣ ይሄ ልብ ነው፣ ይሄ ደግሞ እኔ የጣልኩት ሳንባ ያመጣው ነው። ሰውየው ግማሽ ልቡ ብቻ እንዳመነ ያስታውቃል። ፌንጣ ከባንኮኒው ኋላ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። እስክሪብቶዋን ጥላ መጣችና ሸሚዟን እስከ ጎድኗ ገልባ ጠባሳዋን አሳየችው።

«ንካው፣ አያመኝም» አለችው።

ሰውየው አልነካውም። ጠባሳውንና ፊልሙን ተራ በተራ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሸሚዟን በጥንቃቄ ወደ ታች መልሶላት፣ ሥጋውን ብቻ ይዞ ወጣ።